ማታ ጋደም ስል ልቤ ይዘላል፤ ምርመራው ደህና ነው ተብሏል፤ እንቅልፉስ?

ሽምብጥ ሰፈር፦

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ነኝ፣ ዕድሜዬ 41፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ማታ ጋደም ስል፣ በተለይ በግራ ጎኔ፣ ልቤ አንድ ምት ይዘልና ቀጥሎ ደረቴን ድም አድርጎ ይመታኛል። አንዳንዴ በደቂቃ ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ድምፁም የለም። ቀን ሥራ ላይ አይሰማኝም፣ ደረጃ ስወጣም ደህና ነኝ። ራሴን ስቼ አላውቅም፤ ከቤተሰብም በለጋነቱ በድንገት የሞተ ሰው የለም።

የተሠራልኝ ምርመራ ይህ ነው፦ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ደህና፣ ቫልቮቹ ጤነኛ፣ የልቡ የመርጨት አቅም 62 በመቶ። የ24 ሰዓት ሆልተር (ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምት የሚቀዳ መሣሪያ) ላይ ጠቅላላው ምት 98,000 ገደማ፣ ከዚያ ውስጥ ፒቪሲ የተባለው 620፣ ተከታትሎ የመጣ የለም። ቲኤስኤች (የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ) ደህና። ሄሞግሎቢን 11.4። ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። ሐኪሙ «ጉዳት የለውም፣ መድኃኒት አያስፈልግሽም፣ ከባሰብሽ ሆልተሩን እንደግማለን» ብሎ ሸኘኝ።

አምኜዋለሁ። ግን ጉዳት የለውም መባሉ ብቻውን አያስተኛም። ለምን ማታ? በዚያች ሰዓት ምን ይደረጋል? ቡና ይቁም ወይስ አይቁም? ማግኒዚየም የሚባለው እንክብልስ? በዓቢይ ጾም ደግሞ የሚብስ ይመስለኛል። የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢጽፍልኝ።

የልብ ክፍል ነርስ፦

እህቴ፣ ኤኮው መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ አገር ልቤ ይዘላል የሚል ሰው ቫልቩ ሳይታይ «ጭንቀት ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም። በልጅነት ጉሮሮ ታመው፣ መገጣጠሚያቸው አብጦ፣ ያለ ፔኒሲሊን ያለፈባቸው ብዙ ናቸው፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል የሚባለውን ቫልቭ ካጠበበ በኋላ የላይኛው የልብ ክፍል ምት ሊዛባ ይችላል። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ። ያንቺ ቫልቮች ጤነኛ ከሆኑ ይህን በር ዝጊው።

አሁን ወደ ድምታው። ፒቪሲ ማለት ከታችኛው የልብ ክፍል አንድ ቦታ ተራውን ሳይጠብቅ የሚነሳ ምት ነው። ቀድሞ ስለሚመጣ ልብ ገና በደም አልሞላም፤ የሚገፋው ትንሽ ስለሆነ የእጅሽ ትርታ ላይ ላይደርስ ይችላል። ዘለለ የምትይው ይህን ነው፤ በእርግጥ ግን አልዘለለም፣ ቀደመ። ከእሱ በኋላ ልብ ትንሽ ያርፋል፣ በዚያች ዕረፍት ከወትሮው በላይ ይሞላል፣ ቀጣዩ ምት ያንን ሁሉ በአንዴ ሲገፋ ደረትሽ ድም ይላል። የሚያስደነግጥሽ ምት ጤነኛው ነው፣ ትርፉማ ሳይሰማሽ አልፏል።

ማታ ለምን? ስንጋደም የልብ ምት ይቀዘቅዛል፤ በምትና በምት መካከል ያለው ክፍተት ሲረዝም ትርፉ ምት የሚገባበት ቦታ ያገኛል። ቀን ስትንቀሳቀሺ ምቱ ፈጠን ስለሚል ክፍተቱ ይዘጋል፤ ደረጃ ስትወጪ ደህና መሆንሽም ለዚህ ነው፣ ጥሩ ምልክትም ነው። በግራ ጎን ሲተኛ ደግሞ የልብ ጫፍ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፣ ስለዚህ ያው ምት ጎልቶ ይሰማል። ጆሮ ትራስ ላይ ሲሆን፣ ቤቱም ጸጥ ሲል፣ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

ቁጥሩን እንየው። 620 ከ98,000 ማለት 0.6 በመቶ ነው። ሐኪሞች «የልብ ጡንቻ እንዳይደክም» ብለው በቅርብ መከታተል የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ ወደ ላይ ሲሆን ነው። ይህም በቀን ወደ 10,000 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ በየደቂቃው ሰባት እንደ ማለት። አንቺ አልጋ ላይ ሆነሽ በደቂቃ አራት ስትቆጥሪ በ24 ሰዓት አታባዢው፤ የቆጠርሽው የባሰውን ደቂቃ ነው። የሆልተር ሪፖርቱ ላይ በየሰዓቱ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አለ፣ ሐኪምሽን አስነብቢው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የተከማቸ ከሆነ እዚህ የተባለው ሁሉ ይገጥማል።

የሚከተሉት ከመጡ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፦ ከምቱ ጋር ዓይን መጨለም ወይም ራስን መሳት፣ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ተጋድሞ መተንፈስ ማቃት፣ በድንገት ጀምሮ አልቆም የሚል ከ120 በላይ የሆነ ፈጣን ምት። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል አላቸው፣ የቀረበሽ ጋ ሂጂ። ሲሮጡ ወይም ዳገት ሲወጡ እየባሰ የሚሄድ መዝለል፣ የእግር እብጠት፣ እርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ ያለ ጥሪ ቀጠሮ የሚያዝባቸው ናቸው።

ኪኒን ቆጣሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከላይ የተባለውን አልደግመውም። ጥያቄዎ ውስጥ ግን ማንም ያላነሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ነው። ይህ መድኃኒት ውኃና ጨው በሽንት ሲያስወጣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምም አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱ ሲያንሱ የልብ ሕዋስ ይቆጣል፣ ትርፍ ምቱም ይበዛል። ከዘረዘሩት ምርመራ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮላይት (ፖታሲየምን የመሳሰሉ የደም ጨዎች ምርመራ) የለም። ይጠይቁና ይሠራልዎት። የፖታሲየም ጤናማው መጠን ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ምታቸው የሚዘል ሰዎች ላይ ብዙ ሐኪሞች ከ4 በላይ ሆኖ ቢያዩት ይመርጣሉ። ደም ሲቀዱ እጅዎን ደጋግመው አይጨብጡ፣ ክንድዎ ላይ የታሰረውም ብዙ አይቆይ፤ ፖታሲየሙን በውሸት ከፍ ያደርገውና የጎደለው ደህና መስሎ ይወጣል። ማግኒዚየሙም አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው፣ እሱ ሳይሟላ የተተካ ፖታሲየም አይበረክትም።

ኪኒኑን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። ፖታሲየሙ አንሶ ከተገኘ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም በኢናላፕሪል ዓይነት ሊቀይረው ይችላል። ከተቀየረ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም ያስቀራሉ፣ በላያቸው የፖታሲየም ኪኒን መጨመር አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ሄሞግሎቢን 11.4 ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ይባላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ትንሽ ከፍ ማለት ይገባዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ከሚመስለው ይልቅ ዝቅ ያለ ነው። ደም ሲያንስ ልብ ጠንክሮና ፈጠን ብሎ ይመታል፣ እያንዳንዱ ምትም ይሰማል። የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ ይንገሩ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት ምርመራ) ይሠራ። የብረት ኪኒን ከታዘዘልዎ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው ይውሰዱ፤ ሁለቱም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ሆድ ካስቸገረ በየሁለት ቀኑ መውሰድም ይሠራል፣ ሐኪምዎን ጠይቀው።

ማግኒዚየም እንክብል፦ ጎድሎ ከተገኘ ይጠቅማል፤ ካልጎደለ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ ተአምር ብሎ የሚሸጥልዎን አይስሙ። ሞክሬ ልየው ካሉ ከእንክብል የሚገኘው ማግኒዚየም በቀን ከ350 ሚሊ ግራም አይለፍ። ኦክሳይድ የሚባለው ዓይነት ሆድ ያላላል፣ ተቅማጥ ደግሞ ፖታሲየም ያወጣል፤ እንዲህ ከሆነ ትርፉ ኪሳራ ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም አይንካው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ከተባሉት አንቲባዮቲኮች ጋር አብሮ ከተዋጠ መድኃኒቱን አስሮ ያስቀረዋል።

ከእንክብሉ በፊት ማዕዱን ይዩት። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 180 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም አለው፣ የዱባ ፍሬም ሀብታም ነው። ለፖታሲየም ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን። አንድ መካከለኛ ሙዝ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም ይሰጣል።

ምት የሚያነሳሱ መድኃኒቶችንም ልጥቀስ፦ ሳልቡታሞል (የአስም መድኃኒት)፣ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖች (ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው)፣ መጠኑ የበዛ የእንቅርት ሆርሞን። ሐይቁ ዳር ወባ አለና ይህን ያስታውሱ፦ ክሎሮኪንና ኩዊኒን የተባሉት የወባ መድኃኒቶች፣ ከአንቲባዮቲክ ደግሞ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ፖታሲየሙ ባነሰ ሰው ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ዕረፍት ያራዝማሉ። ወባ ሲይዝዎ ሕክምናውን አይተዉ፤ የግፊቱን ኪኒን ግን ለሚያክምዎ ሰው ይናገሩ።

ሐኪምዎ መድኃኒት ያልሰጠዎት ስለናቀዎት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ የወጣው ካስት የተባለ ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመም ባለፈባቸው ሰዎች ላይ ትርፍ ምትን የሚያጠፉ መድኃኒቶችን ሞክሮ፣ ምቱ ጠፋ፣ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ምት ለማጥፋት ብቻ ብሎ መድኃኒት መስጠት ቆሟል ማለት ይቻላል። ችግሩ ከበረታ ቤታ ብሎከር (ልብን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት፣ ፕሮፕራኖሎል አንዱ ነው) ይታዘዛል፤ አስም ላለበት ግን ፕሮፕራኖሎል አይሆንም፣ የጀመረውም በአንድ ጊዜ አያቆምም። ደግሞ ልብ ሲቀዘቅዝ ለሚመጣ የሌሊት መዝለል፣ ልብን ይበልጥ የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ሁልጊዜ አይረዳም።

ዘጌ ቡና፦

ስሜ እንደሚያሳብቀው ለቡና አደላለሁ፣ ግን በቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት 100 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት መቅጃ አጥልቆላቸው፣ በዕጣ «ዛሬ ጠጡ፣ ዛሬ አትጠጡ» እያለ ተከታተላቸው። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ትርፍ ምት የሚነገር ጭማሪ አላሳየም። ከታችኛው የሚነሳው፣ ማለት ያንቺው ዓይነት፣ በማይጠጡበት ቀን 102፣ በሚጠጡበት ቀን 154 ገደማ ነበር። እንቅልፍ ደግሞ 36 ደቂቃ ቀንሷል። ስለዚህ ቡና ልብን ይገድላል የሚለውም፣ ቡና ምንም አያደርግም የሚለውም አልቆመም።

ካፌይን በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ እጥፍ ያህል ይቆያል። ከቀኑ 11 ሰዓት አቦል የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ አብሮት ይተኛል። በራስሽ ላይ ሞክሪው፦ ሁለት ሳምንት ጨርሶ ያለ ቡና፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠዋት ብቻ፣ ከ6 ሰዓት በፊት። ሁለቱ ካልተለያዩ የጠዋት ቡናሽን አትተዪ። በአንዴ አታቁሚ፤ ራስ ምታቱ በማግሥቱ ይጀምርና ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ እንቅልፍ ማጣቱም የቡናው ይሁን የማቆሙ አይለይም። በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ቀንሺ። ጎረቤት ጠርቶሽ እምቢ ማለት ከከበደ ለበረካው ድረሺ።

ሻይም ካፌይን አለው። አምቦ ውኃ ካፌይን ባይኖረውም ማታ ሆድ ይነፋል። ጫት ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ዘመድ ነው፣ ምቱንም ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እሱ ላይ ሙከራ የለም፣ ማቆም ነው። ጠጅና አረቄ ደግሞ እንቅልፍ ያመጡ ይመስሉና ሌሊቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይረብሻሉ፤ በበዓል ብዙ ጠጥቶ ያደረ ሰው ላይ የላይኛው ክፍል ምት ጨርሶ የሚዛባበት ጊዜም አለ።

ጣና ማዶ፦

ስለ አልጋው ላውራ፤ ሌላው ተብሏል።

እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይለቅ። 4 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ 1 ሰዓት ላይ። የተነፋ ሆድ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ወደ ላይ ይገፋል፣ ቃርም ያመጣል፤ የጉሮሮ ቱቦና ልብ ጎረቤት ናቸው፣ የሚያናድዳቸውም አንድ ነርቭ ነው። ዘይት የበዛበት ሽሮ በሚጥሚጣ፣ ከላዩ ለስላሳ፣ ከዚያ ወዲያው ጋደም፤ ሌሊቱን ድም ድም ሲል ማደር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግጭት አለ። ለቃር በግራ ጎን መተኛት ይሻላል፣ ለልብ ድምታ ደግሞ በቀኝ። ሁለቱም ያለበት ሰው የሚያስማማቸው የአልጋውን ራስጌ ማንሳት ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል፣ የባሰ ነው። ከራስጌው ሁለት እግሮች ሥር ባለ 15 ብሎኬት ጎኑን አጋድሞ ማስገባት ይበቃል፤ የብሎኬቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ከሆነ የአልጋው እግር እንዳይሰጥም፣ እንዳይንሸራተትም ጣውላ ጣልበት። አልጋው የሚወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ ብሎኑን አጥብቁ፤ ያዘመመ አልጋ ሌሊት ሲጥ ሲጥ ሲል እሱም ሌላ ድምፅ ነው።

ምቱ ሲጀምር እጅሽን ከትርታው ላይ አንሺ። መቁጠር ራሱ ያስጨንቃል፣ ጭንቀት አድሬናሊን ይለቃል፣ አድሬናሊን ትርፍ ምት ያነሳሳል፤ ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው። ወደ ቀኝ ዙሪ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ፣ ለአምስት ደቂቃ። ትንፋሹ ቀስ ያለ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን፤ ደረትን ሞልቶ መሳብ ከበዛ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ልብም ይፈጥናል። አሁንም ካላቆመ ተነሺና ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተንቀሳቀሺ፤ ነርሷ እንዳለችው ምቱ ሲፈጥን ክፍተቱ ይዘጋል። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ አልጋው ላይ አትታገይ፣ ሌላ ክፍል በደብዛዛ መብራት ተቀመጪ፣ ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። ሰዓት ማየት የለም። ስልክም የለም፣ በተለይ ስለ ልብ ፍለጋ።

ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ አምጦ መንፋት፣ አንገት ማሸት የሚሉ ምክሮች ይዞራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በድንገት ለሚጀምር ፈጣን ምት የተባሉ ናቸው። ያንቺ ችግር ልብ ሲቀዘቅዝ የሚመጣ ስለሆነ ይበልጥ ማቀዝቀዝ ትርፉን ምት ሊጨምረው ይችላል። አንገት ማሸት ደግሞ ያለ ሐኪም በማንም ላይ አይደረግም።

ማራገቢያ ካለሽ አብሪው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ላቡን ይቀንሳል፣ ወጥ የሆነው ድምፁም የልብን ድምፅ ይሸፍናል።

ጾሙን በተመለከተ የሚብስበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዓቢይ ጾም የሚውለው በደረቁ ሙቀት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውኃ የለም፣ የግፊቱ ኪኒን ግን ውኃ እያስወጣ ነው፣ ከዚያ በባዶ ሆድ ቡና፣ ማታ ደግሞ የቀኑ ሁሉ ምግብ በአንድ ማዕድ። አንዱ ብቻውን ይበቃል። ማዕዱን ለሁለት ክፈይው፣ ዋናው 9 ሰዓት ላይ፣ ቀላሉ 1 ሰዓት ላይ። ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ በየጊዜው ጠጪ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ለሽንት ያስነሳል እንጂ አይጠቅምም። ቡናው ከምግብ በኋላ ይሁን። የኪኒኑን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙና ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ወደ ማታ ከገፋሽው ሌሊቱን ሽንት ቤት ነሽ። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በ9 ሰዓት የሚበላው ዶሮም ያው ነው፦ ትንሽ ቅመሺ፣ ቁጭ ብለሽ ተጫወቺ፣ ዋናውን ለጠዋት።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትሽ «ታንኮራፊያለሽ፣ ትንፋሽሽ ይቋረጣል» ካለሽ፣ ጠዋትም ራስ ምታት ካለ፣ ለሐኪሙ ንገሪ። በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ግፊትንም የልብ ምትንም ይረብሻል፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ እሱን አይፈታውም።

ሽምብጥ ሰፈር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ኤሌክትሮላይቱን አሠራለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የእጅ ሰዓቴ ሌሊት «የልብ ምት 38» ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ የቤቱ የግፊት መለኪያም በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንዴ 150 አንዴ 118 ይለኛል። ተበላሽተው ነው? ሆልተሩ ከተደገመስ ሌሊቱን በደንብ እንዲይዝልኝ ምን ላድርግ?

የልብ ክፍል ነርስ፦

አልተበላሹም፣ ተታለው ነው። ሰዓቱ በብርሃን የሚያየው እጅ ላይ የደረሰውን ደም ነው። ትርፉ ምት ትንሽ ደም ስለሚገፋ ሰዓቱ አይቆጥረውም። አንድ ጤነኛ፣ አንድ ትርፍ እየተፈራረቀ ለጥቂት ደቂቃ ከሄደ እውነተኛው 76 በሰዓቱ 38 ሆኖ ይወጣል። ለማረጋገጥ አንድ መዳፍ ከግራ ጡት ሥር፣ ሁለት ጣት የሌላው እጅ አንጓ ላይ አድርጎ ሌላ ሰው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠርልሽ፤ ደረት ላይ 76፣ እጅ ላይ 38 ከሆነ ይኸው ነው። ደረትም ላይ 38 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነውና በዚያው ቀን ኢሲጂ ይነሳ። ሰዓትሽ ጣት ተደርጎበት የ30 ሰከንድ ኢሲጂ የሚያነሳ ዓይነት ከሆነ ድም ሲል አንሺና ምስሉን አስቀምጪ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ማታ ማታ አጥፊው።

የግፊት መለኪያው የሚሠራው ምቶቹ እኩል ናቸው ብሎ ነው። ከዕረፍቱ በኋላ ያለው ትልቅ ምት ላይ ከገጠመው ከፍ ያደርጋል፣ ትርፉ ላይ ከገጠመው ዝቅ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ፣ ጀርባሽ ተደግፎ፣ ክንድሽ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ በደቂቃ ልዩነት ለኪ። የመጀመሪያውን ተይው፣ የሁለቱን አማካይ ጻፊ። ሁለቱ በብዙ ከተራራቁ ጤና ጣቢያ ሄደሽ በጆሮ እያዳመጡ ይለኩልሽ፣ አየሩን ቀስ አድርገው እየለቀቁ።

ሆልተር በሚደረግበት ቀን ጠዋት ገላሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ቅባትም ቫዝሊንም ደረት ላይ አይነካ። በባሕር ዳር ሙቀት ላብ ኤሌክትሮዱን ያስለቅቃል፣ የለቀቀ ኤሌክትሮድ ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንደ በሽታ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ቆዳሽን በአልኮል ጠርጎ ደርቆ ሳለ ይለጥፍ፣ ሽቦውም ከኤሌክትሮዱ ዝቅ ብሎ በፕላስተር ይያዝ፤ ስትገላበጪ የሚጎተተው እዚያ ላይ ይቀራል። ትርፍ ፕላስተር ለቤት ጠይቂ። መሣሪያው ደረትሽ ላይ እስካለ ገላ መታጠብ የለም፣ ስልክ ከመቅጃው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይግባ።

ቀኑን እንደወትሮው ዋዪው። ለምርመራው ብሎ ቡናውን መተው፣ እራትን ማቅለል፣ በቀኝ ብቻ መተኛት መቅጃውን ባዶ እጁን መመለስ ነው። የሚብስብሽ በጾም ከሆነ ቀጠሮውም በጾም ይሁን።

ማስታወሻው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንቺ «8 ሰዓት ተኩል ላይ ዘለለ» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢው ጠዋት 8፡30 ላይ ሄዶ ይፈልጋል፣ ምንም ያጣል፣ «ስሜቱ ከምቱ ጋር አይገናኝም» ብሎ ይጽፋል። ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል መሣሪያው ላይ 2፡30 ነው። ሲገጠምልሽ የመሣሪያውን ሰዓትና የስልክሽን ሰዓት አስተያዪ፣ ልዩነት ካለ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ጻፊው። ከሰዓቱ ጎን ሦስት ቃል ይበቃል፦ በየትኛው ጎን ተኝተሽ ነበር፣ ምን ተሰማሽ፣ ምን ያህል ቆየ። መሣሪያው ቁልፍ ካለው ጨለማ ውስጥ ብዕር ከመፈለግ እሱን ጫኚ።

በጤና መድን የምትሄጂ ከሆነ ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ አስቀድመሽ ያዢ። የድሮውን ኢሲጂም ይዘሽ ሂጂ፣ አዲሱን ከእሱ ጋር ማስተያየት ከአዲሱ ብቻ ይሻላል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚያትሙት በሙቀት በሚጻፍ ወረቀት ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ እየደበዘዘ ነጭ ይሆናል፤ ዛሬውኑ ቀን ብርሃን ላይ ዘርግተሽ፣ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺው።